ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው የሮክ ድምፅ

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ 51 ዓመቴ ነው። ከ22 ዓመቴ ጀምሮ ሮክ እዘፍናለሁ። አሁን ከድሮ ጓደኞቼ ጋር አቃቂ በኩል በተከራየናት የቆርቆሮ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመዳለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከፍ ያሉት ኖታዎች እምቢ አሉኝ። አንዳንዴ ይሰነጠቃሉ፤ አንዳንዴ አየር ብቻ ይወጣል። እሁድ ጠዋት ድምፄ ሻክሮ ነው የምነሳው። እስከ ምሳ ሰዓት አይለቀኝም። ሲጋራ ካቆምኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ድምፅ ያረጃል እንዴ? ካረጀስ ላቁም? አብራን የምትዘፍነው እህታችን ደግሞ 53 ዓመቷ ነው፤ ‹ድምፄ ወፈረ› ትላለች።»

ወንድሜ፣ አዎ፣ ድምፅ ያረጃል። አቁም ግን አልልህም። ከጻፍክልኝ ውስጥ የዕድሜ የሆነውና የዕድሜ ያልሆነው ተቀላቅሏል። ሁለቱን ሳንለይ የምሰጥህ ምክር በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዘፋኞችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት ራሴ ዘፋኝ ነበርኩ። በቀበሌ ኪነት ጀመርኩ፤ ከዚያ የማታ ክበብ ባንድ ውስጥ ገባሁ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። በር ተዘግቶ፣ ሰውም እኛም ውስጥ ታጉረን፣ እስኪነጋ ነበር የምንጫወተው። በጭስ ውስጥ፣ ያለ ደህና ሞኒተር (ዘፋኝ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር)፣ በሳምንት አራት ሌሊት። በ34 ዓመቴ ከፍ ያለው ድምፄ ጠፋ። «አረጀህ» ያለኝ ሰው ነበር። በ34! ስለዚህ የጻፍከውን ሳነብ የራሴን ነገር ነው ያስታወስኩት።

በመጀመሪያ እጅህን አንገትህ ላይ አድርግና «ዝዝዝ» በል። ጣትህ ሥር የሚነዝረው ማንቁርትህ ነው። ውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። አውታር ስንል ብዙ ሰው የክራር ክር ዓይነት ነገር ይመስለዋል። ክር አይደሉም። ከግራና ከቀኝ ወጥተው መሐል ላይ የሚገጥሙ ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች ናቸው። የወንድ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የሴት ከዚያም ያንሳል። ሥሩ ጡንቻ ነው። ከጡንቻው በላይ ጅማት አለ። ከጅማቱ በላይ ደግሞ እንደ ጄሊ የለሰለሰ፣ እርጥብ ሽፋን አለ። አየር ከሳንባ ሲመጣ የሚሞገደው ይህ ሽፋን ነው፤ ነጠላ ነፋስ ሲያገኘው እንደሚውለበለበው። ሚኖሩ ሂራኖ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ነው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሥሩን አካልና የላዩን ሽፋን ለይቶ ያስረዳው። ዛሬ በድምፅ ሕክምና የምንሠራው አብዛኛው ነገር ከዚያ የተነሳ ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጊታሪስታችሁ የሚቃኝበት «ላ» በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። አንተ ያንን ኖታ ስትይዝ ሁለቱ አውታሮችህ በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። በአማካይ 300 እንበለው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብትዘፍን 36,000 ግጭት ነው። አሥራ ሁለት ዘፈን ብትለማመዱ ከ400,000 ያልፋል። በአንድ ቅዳሜ! ያውም ሮክ ስለሆነ ግጭቱ ለስላሳ አይደለም። ይህን ቁጥር ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዕድሜ ምን ያደርጋል? ጡንቻው ይሳሳል። ሲሳሳ የአውታሩ ጠርዝ መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ መሐሉ ላይ ግን ስንጥቅ ይቀራል። ክረምት ያጣመመው የእንጨት በር ታውቃለህ? ትዘጋዋለህ፣ ብርሃን ግን በመሐል ይገባል። እንደዚያ ነው። በዚያ ስንጥቅ አየር ያመልጣል። ድምፁ ይሰልላል፤ ትንፋሽም ቶሎ ያልቃል። የላይኛው ሽፋንም ይለወጣል። የሚለጠጠው ነገር ይቀንሳል፣ ጠጣሩ ይበዛል። የደረቀ ቆዳ እንደልብ አይውለበለብም። ማንቁርቱን የሠሩት ለስላሳ አጥንቶችም ቀስ በቀስ ወደ እውነተኛ አጥንት ይለወጣሉ። ይህ ደግሞ በእርጅና የሚጀምር ነገር አይደለም፤ ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ይጀምራል። ከፍ ያለ ኖታ የሚወጣው አውታሩ ሲወጠር ነው። የሚወጥሩት መገጣጠሚያዎች ሲገትሩ ጣሪያው ዝቅ ይላል።

ደረትም አለ። የጎድን አጥንቶች እንደ ድሮው አይከፈቱም። ሳንባ ውስጥ የማይወጣ አየር ይበዛል፤ ለዘፈን የሚተርፈው ይቀንሳል። ኖታ ሲረዝም የሚሰማው የድምፅ ውዝዋዜም ይቀየራል። በጤናማ ዘፋኝ በሰከንድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ነው የሚወዛወዘው። ሲያረጅ ይዘገያል፣ ይሰፋል። ሽማግሌ ሲዘፍን «ዋ-ዋ-ዋ» የሚለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እነዚህ ለውጦች በድምፅ ላይ ጎልተው መሰማት የሚጀምሩት በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። አንተ 51 ነህ። ደግሞ የጻፍከው ሻካራነት የሚመጣው እሁድ ጠዋት ነው። ዕድሜ ቅዳሜን ጠብቆ አይመጣም። ቅዳሜን ተከትሎ የሚመጣው እብጠት ነው። ያ 400,000 ግጭት አውታሮችህን አሳብጧቸው ያድራል። ያበጠ አውታር ይከብዳል፣ በቀስታ ይነሳል፣ ከፍ ወዳለው አይሄድም። ሲቀንስ ድምፅህ ይመለሳል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያልከኝ እሱን ነው።

ታዲያ በ25 ዓመቴ ለምን አልሆነም ትለኛለህ። ሆኖ ነበር። ያኔ ግን ጎተራህ ሙሉ ነበር። ወጣት አውታር በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጠገናል። ስትጮህ ከጎተራው ታወጣለህ፣ ስትተኛ ይሞላል። ሃምሳ ላይ የጎተራው መጠን ቀንሷል፤ አሞላሉም ዘግይቷል። አንተ ግን የምታወጣው በድሮው ቁና ነው። ዕድሜ ጎተራውን አሳነሰብህ እንጂ እህሉን የወሰደው እሱ አይደለም። ማን እንደወሰደው መፈለግ አለብን።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያቺን የቆርቆሮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ድምፅን አይውጥም፤ መልሶ ይወረውራል። ከበሮው በአራቱም ግድግዳ ይመታል። ጊታሩ ከበሮውን ሊያሸንፍ ይጨምራል። ቤዙ ጊታሩን ሊያሸንፍ ይጨምራል። አንተ ደግሞ ራስህን ለመስማት ትጮሃለህ። ሳታስበው ነው የምታደርገው። ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያሳወቀው ነገር ነው፤ ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታው ሲቆም ይወርዳል። በራስህ ፈቃድ ብቻ አታሸንፈውም። መፍትሔው ክፍሉን መቀየር ነው።

ስለዚህ ለቅዳሜ እንዲህ አድርጉ። አሮጌ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ከበሮው ጀርባ ባለው ግድግዳና ጣሪያ ላይ ስቀሉ። የጊታሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ወለል ላይ ተቀምጦ የጊታሪስቱን እግር ከሚመታ ወንበር ላይ ይውጣና ወደ ጆሮው ይዙር። ያኔ ራሱ ይቀንሰዋል። ያንተ ሞኒተር ከፊትህ፣ ወደ ጆሮህ ቀና ብሎ ይሁን። ከበሮ መቺው የማይስማማ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ከበሮውን አፍኑት። ይህን ብቻ አድርገው በሦስት ሳምንት ውስጥ የእሁድ ጠዋት ሻካራነታቸው የለቀቃቸው ሰዎች አሉኝ። ጆሮህም ይተርፋል። ኤሲ ዲሲ የሚባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን በ2016 እ.ኤ.አ. የኮንሰርት ጉዞውን ያቋረጠው ጉሮሮው እምቢ ብሎት አልነበረም፤ ጆሮው ነበር። ሐኪሞች ከቀጠልክ ጨርሶ ትደነቁራለህ ብለው አስጠነቀቁት። ጆሮ ሲደክም ደግሞ ዘፋኝ የበለጠ ይጮሃል። ሁለቱ የተሳሰሩ ናቸው።

ሁለተኛው ያለህበት አየር ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር። በእናንተ በኩል ደግሞ የጭነት መኪናው አቧራ አለ። እኛ ጋ ሱሉልታ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አለ። አውታር እርጥብ ካልሆነ ግጭቱ ይከብደዋል። ይህን በሚመለከት በየሳምንቱ የምደግመው አንድ ነገር አለ፤ የሚዋጥ ነገር አውታሩን አይነካም። ማር፣ ዝንጅብል፣ ተልባ፣ ለጋ ቅቤ፣ ሁሉም የሚሄዱት በምግብ ቧንቧ ነው። አውታሩ ያለው በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ነው። ማሩ እሱን ቢነካው ታንቀህ ነበር። ጉሮሮህን ያለሰልሰዋል፤ ደስ ይላል፤ ጠጣው። ግን አውታሩን አቀባሁት ብለህ አትጩህበት። አውታሩን ከውስጥ የሚያርሰው በቀን ሙሉ ቀስ እያልክ የምትጠጣው ውኃ ነው። ከውጭ የሚያርሰው የምትተነፍሰው እንፋሎት ነው። ፎጣ ተከናንበህ ከሞቀ ውኃ ላይ ራቅ ብለህ አምስት ደቂቃ ተንፍስ፤ እንዳያቃጥልህ ብቻ ተጠንቀቅ። ከልምምድ በፊት ጫት ብትይዝ አፍህም ጉሮሮህም ይደርቃል፤ ደግሞ ሳታውቀው ብዙ ታወራለህ። አረቄም ለድምፅ «ማሟሻ» አይሆንም። ሕመሙን ያደነዝዝልሃል፤ መቆም የነበረብህን ቦታ አትሰማውም።

ከልምምድ በኋላ መሽቶ እራት የምትበላ ከሆነ ሦስተኛው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከምሽቱ አራት ሰዓት በልቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሚተኛ ዘፋኝ ስንቱን አይቻለሁ። አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቃር ሁልጊዜ ደረት ላይ አይሰማም። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮህን «እህም፣ እህም» እያልክ የምትጠርግ ከሆነ እሱ ሊሆን ይችላል። ከመተኛትህ ሦስት ሰዓት በፊት ብላ። «እህም» የምትለውንም ተው። አውታሮችህን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። በምትኩ ውኃ ጉንጭ አድርገህ ዋጥ።

አሁን ቤትህ ሆነህ የምትሠራቸው ሁለት ፈተናዎች ልስጥህ። የስልክህን ሰዓት ክፈት። በረጅሙ አየር ሳብና «ስስስስ» እያልክ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ ለካ። ሦስት ጊዜ ሞክር፤ ትልቁን ጻፍ። ቀጥለህ «ዝዝዝዝ» እያልክ እንዲሁ ለካ። «ስ» አየር ብቻ ነው፤ አውታር አይሠራበትም። «ዝ» ግን አውታሩን ይጠቀማል። ጤነኛ ሰው ሁለቱ ይቀራረቡለታል። የ«ስ»ን ለ«ዝ» ስታካፍለው ከ1.4 በላይ ከሆነ አውታሮችህ በደንብ እየገጠሙ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ «ስ» 20፣ «ዝ» 12 ከወጣልህ 1.67 ነው፤ ያ መታየት አለበት። ሁለቱም አጭር ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ያለው ትንፋሽህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የእሹሩሩ ፈተና ነው። ሕፃን እንደምታስተኛ ሆነህ፣ በጣም በቀስታ፣ በጣም በቀጭኑ «እሹሩሩ» በል። ከፍ እያደረግክ ሂድ፤ ድምፁ ግን አይጨምር። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ዘግይቶ ይነሳል ወይም አየር ብቻ ይወጣል። ስትጮህበት ግን ይወጣል። እንዲህ ከሆነ አውታሩ ላይ እብጠት ሊኖር ይችላል። ያበጠ አውታር በጉልበት ይነሳል፤ በቀስታ ግን አይነሳም። ብዙ የሮክ ዘፋኞች ለዓመታት ጉዳታቸውን ሳያውቁ የሚቆዩት ለዚህ ነው። በቀስታ ዘፍነው አያውቁማ! ፈተናውን ዓርብ ማታ አንዴ፣ እሁድ ጠዋት አንዴ አድርገው። ልዩነቱ ራሱ ይነግርሃል።

ፈተናዎቹ ሐኪምን አይተኩም። አንተ ስድስት ዓመት በፊት ድረስ ታጨስ ነበር። ድምፁ ከአራት ሳምንት በላይ የሻከረበት ማንም ሰው አውታሩን በካሜራ መታየት አለበት። አጫሽ የነበረ ሰው ያን ያህልም አይጠብቅ። ሲዋጥ የሚያም ከሆነ፣ ደም ካየህ፣ አንገት ላይ እብጠት ካለ፣ ጆሮ ድረስ የሚዘልቅ ሕመም ካለ፣ በዚያው ሳምንት ሂድ። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደህ «አውታሬን በካሜራ እዩልኝ» በል። በአፍንጫ የምትገባ ቀጭን ካሜራ አለች። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያስጨንቃል እንጂ አያምም። ስትሮቦስኮፒ የሚባለው የሚብለጨለጭ መብራት ያለው ከተገኘ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው፤ የሽፋኑን መሞገድ ቀስ አድርጎ ያሳያል።

ይህን አጥብቄ የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ድምፄ ሲጠፋ አንድ ቦታ ሄድኩ። ጉሮሮዬን በባትሪ አይተው የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያንኑ ሰጡኝ። በባትሪ የሚታየው የአፍ ጀርባ ነው፤ አውታሩ ከዚያ ታች ነው። ከስምንት ወር በኋላ በካሜራ ሲታይ ግራው አውታር ላይ ከመድከም የመጣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ተገኘ። ስምንት ወር ሙሉ «አረጀሁ» እያልኩ ነበር የኖርኩት። እብጠቱ ተነሣልኝ። ሥልጠና ጀመርኩ፣ መለስኩት። ያን ስምንት ወር ዛሬም እቆጨዋለሁ።

ዓለም ያወቃቸውም ቢሆኑ ከዚህ አልዳኑም። ኤሮስሚዝ የሚባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ስቲቨን ታይለር በ2023 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ሳለ ማንቁርቱ ተጎዳ፤ 75 ዓመቱ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ባንዱ የኮንሰርት ጉዞ ማቆሙን አሳወቀ። የሮክ ዘፋኙ ጆን ቦን ጆቪ አንደኛው አውታሩ ሳስቶበት በ2022 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምና አደረገ። የሳሳውን አውታር ከጎኑ ገፍተው ወደ መሐል አስጠጉለት፤ ከሌላኛው ጋር እንዲገጥም። ያ የጠመመው በር እንዲዘጋ ማድረግ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ረጅም ማገገሚያ አስፈልጎታል። ቢላው ብቻውን ድምፅ አይመልስም።

እኔ ግን ለተማሪዎቼ የምጠቅሰው የሌድ ዘፕሊን ባንድ ዘፋኙን ሮበርት ፕላንትን ነው። በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ሌድ ዘፕሊን ለንደን ላይ ዳግም ሲገናኝ 59 ዓመቱ ነበር። በሃያዎቹ የሚጮህባቸውን ዘፈኖች በርካታዎቹን ከድሮው ዝቅ ባለ ኪ (ዘፈኑ በሚያርፍበት የድምፅ ከፍታ) ዘፈናቸው። የድሮውን ጩኸት ለማስመሰል አልታገለም። ባለው ድምፅ አዲስ አዘፋፈን ፈጠረ። ያንን መስማት ያስተምራል።

ከእኛም ቤት አለ። ዓለማየሁ እሸቴ ወጣት ሳለ ሮክ ኤንድ ሮሉን ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ጩኸቱን የማያውቅ የለም። ሰባዎቹን ይዞም መድረክ ላይ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ በ83 ዓመቱ ነው በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ያቀረበው። የሃያ ዓመቱ ድምፅ አልነበረም፤ የሚጠበቅም አልነበረም። ሰው የመጣው ያንን የ83 ዓመት ድምፅ ሊሰማ ነው።

ቤቴ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ሰባ ያለፋቸው መሪጌታ አሉ። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ፤ ጠዋት ስሰማቸው ድምፃቸው ንጹሕ ነው። ለዓመታት ሳስተውላቸው ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ቀኝና ግራ ሆነው ነው የሚቀባበሉት። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያርፋል። አውታር ደግሞ በየመሐሉ ትንሽ እረፍት ካገኘ ብዙ ይችላል። ሁለተኛ፣ አይገፉም። መቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ ትከሻቸው ወርዶ፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ያቆማሉ። ያለቀ ትንፋሽ ላይ አንድ ቃል አይጨምሩም። የሮክ ዘፋኝ ድምፁን የሚሰብረው በዚያች የመጨረሻ ቃል ላይ ነው። እናንተም ልምምዱን እንዲሁ ከፋፍሉት። ሃያ ደቂቃ ዝፈን፣ አሥር ደቂቃ ባንዱ ያላንተ ይሥራ። ኮሩስ ላይ ደግሞ እህታችን ትቀበልህ።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ ልንገርህ፤ ሮክ ያለ ጩኸት ሮክ አይሆንምና። ሻካራው ድምፅ የግድ ከእውነተኛው አውታር መውጣት የለበትም። ከአውታሮቹ በላይ ሌላ ጥንድ እጥፋት አለ፤ የሐሰት አውታር ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኩዊን ባንድ ዘፋኝ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን ድምፅ ያጠኑ ተመራማሪዎች ሲያጓራ እነዚህ እጥፋቶች አብረው እንደሚነዝሩ የሚያመለክት ነገር አግኝተዋል። የእኛም ፎካሪ «ዘራፍ!» ሲል የሚያሻክረው በዚያው በኩል ይመስለኛል። ጥሩ ፎካሪን ተመልከት። ቃሉን ወርውሮ ይተወዋል፤ አይጎትተውም። ጩኸትህን አጭር አድርገው። በአንድ ዘፈን አንድ ቦታ፣ የሚገባው ቦታ ላይ ብቻ። ሲያሳክክህ ወይም ሲያስልህ በተሳሳተ ቦታ እያወጣኸው ነው፤ ያን ጊዜ አቁም። ሌላም አለ። ጉሮሮ አሞህ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ወስደህ አትጩህ። ደም የመድማት ዕድሉን ይጨምራሉ። አውታር ላይ ያለች ቀጭን የደም ሥር ከፈነዳች ለሳምንታት ዝም ማለት ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ባለፈው ጥቅምት አንድ የ56 ዓመት ሰው ቤቴ መጣ። ቡራዩ ነው የሚኖረው፤ የሠርግ ባንድ ውስጥ ይዘፍናል። ከፍ ያለው ኖታ አየር ብቻ ሆኖበታል። ጠረጴዛ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ አስቀመጥኩ፤ ግማሽ ውኃ ነበረው። የለስላሳ ስትሮ ሰጠሁት። «ውኃው ውስጥ ሦስት ሳንቲሜትር አግባውና በስትሮው እያቃሰትክ አዚም» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሞከረ። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። የመጀመሪያው በአምስት ሰከንድ ተቋረጠ። ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሶ ነበር። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ «አውርደው» አልኩት። ሁለተኛው ስምንት ሰከንድ ሄደ። አረፋው አንዴ በዛ፣ አንዴ አነሰ። እኔ የማየው እሱን ነው። እኩል የሆነ አረፋ እኩል የሆነ ትንፋሽ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ አረፋው እንደተመጠነ ሄደ። ስትሮውን አውጥቶ ያንኑ ዘፈን ሲሞክረው ያ ኖታ ወጣ። ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ። ዝም ብሎ ጠርሙሱን አየው።

አስማት የለበትም። ስትሮው አየሩን ከፊት ለፊት ትንሽ ይገታዋል። ያ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ አውታሮቹን ይደግፋቸዋል። በትንሽ ጉልበት፣ በትንሽ ግጭት ይነዝራሉ። ሳትጎዳ ማንቁርትህን ከታች እስከ ላይ ታለማምደዋለህ። የሳሳ ጡንቻም በልምምድ ይጠነክራል፤ የማንቁርትም እንደዚያው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አምስት ደቂቃ አድርገው። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እንደ ሲረን እያንሸራተትክ፣ ከዚያ የዘፈኑን ዜማ ራሱን በስትሮው። ከልምምድ በኋላም አምስት ደቂቃ ድገመው። ሯጭ ሮጦ ወዲያው አይቀመጥም አይደል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ስጠው። ከዚያ በፊት «አልሠራም» አትበለኝ።

በፉጨት ዓይነት ሹክሹክታ እሁድን አሳርፋለሁ ካልክ ግን ተሳስተሃል። ሹክሹክታ ጉሮሮን ያጨናንቃል። በለሆሳስ፣ በተፈጥሮ ድምፅህ አውራ፤ ወይም ዝም በል።

ስለ ኪ ልጨርስ፤ ዘፋኞች የሚከራከሩኝ እዚህ ላይ ነው። «ኪ ማውረድ ሽንፈት ነው» ይሉኛል። ጊታሩን በግማሽ ቶን፣ ማለትም በግማሽ የኖታ እርከን፣ ብታላሉት 440 የነበረው 415 ይሆናል። በአንድ ሙሉ ቶን ብታወርዱት 392 ይሆናል። አድማጩ ይህን አያውቀውም። ያንተ አውታር ግን ያውቀዋል። በሰከንድ 48 ግጭት ቀነስክለት ማለት ነው፤ ውጥረቱም ላላለት። ጊታሩ ደግሞ ሲላላ ድምፁ ይወፍራል፣ ለሮክ ያምራል። ከመጠን በላይ ግን አታውርዱ። በጣም ከወረደ የድምፅህ ጥርስ ይጠፋል፤ ከበሮው ይውጥሃል። መለኪያው ይህ ነው፤ የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ ደክሞህ ሳለ፣ በልምምዱ መጨረሻ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትለህ ማውጣት ከቻልክ ኪው ትክክል ነው። ቅዳሜ በጀመራችሁ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ አትለካው፤ ያኔ ሁሉም ይወጣል። ከባድ ዘፈኖችን ደግሞ አትደርድሯቸው። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል እያደረጋችሁ ሂዱ።

ስለ እህታችን። የእሷ ከአንተ ይለያል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፤ አውታሩ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ይደርቃል። ድምፁ ይወርዳል፣ ከላይ ያሉት ኖታዎች ይጠፋሉ። ወንድ በጣም ሲያረጅ ድምፁ ወደ ላይ ይቀጥናል፤ ሴት ግን ወደ ታች ትሄዳለች። ስለዚህ «ወፈረ» ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። ጥፋት ሠርታ የመጣባት አይምሰላት። ስንቷ ዘፋኝ በዚህ ምክንያት ሳትናገር መድረክ እንደለቀቀች ሳስብ ያመኛል። የወፈረው ድምፅ ለሮክ ጥሩ ድምፅ ነው። እሷ በላይኛው፣ አንተ በዝቅተኛው የምትዘፍኑበትን ዘፈን ገልብጡትና ሞክሩት። የእሷም አውታር ግን በካሜራ ይታይ። ዕድሜ ነው ብለን የምንተወው ነገር ቀድሞ መታየት አለበት።

ዓርብ ማታ የ«ስ»ህንና የ«ዝ»ህን ቁጥር ለካና ጻፍልኝ። እሁድ ጠዋትም ድገመው፤ እሷም የራሷን ለብቻ ትላክልኝ። የሐኪም ቀጠሮውን ከዚያ በፊት ያዝ። ለቅዳሜ ደግሞ ፍራሾቹን ሰብስቡ።